ከዋልያስ በኋላ፦ ብቻውን ባንድ የሆነው ሰው

(የመግቢያ ሙዚቃ። አኮርዲዮን ይሰማል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል።)

በአንበሳሜም፣ በሐሙሲትም፣ በባሕር ዳርም፣ በጣና ዳርቻ ባሉ ቀበሌዎችም ሆናችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሙዚቃ ነው። የምናነሣው ስመ ጥር ባንድ ውስጥ ሲጫወቱ የነበሩ ሰዎች ከባንዱ ከወጡ በኋላ የሚሠሩትን የመጀመሪያ አልበም ነው። እንዲህ ያለ አልበም እንዴት ይሰማል? ጆሯችንስ ምን መፈለግ አለበት? ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የሸክላና የካሴት ታሪክ በዚያ ስለሚቆጠር።

እ.ኤ.አ. 1985 ላይ እንጀምር። በእኛ 1977 ዓ.ም. ነው፤ የድርቁ ዘመን። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ሁለት አልበሞች ወጡ። ሠሪዎቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁ አይመስለኝም፤ አድማጮቻቸውማ ፈጽሞ አይገናኙም።

የመጀመሪያው ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ የሚባል የአራት ወጣቶች ባንድ የሠራው ነው። ወጣቶቹ የፓንክ ልጆች ናቸው። ፓንክ ማለት በሦስት በአራት ኮርድ፣ በፍጥነትና በጩኸት የሚሠራ፣ ቁጣ የሚበዛበት የሮክ ዓይነት ነው። እነዚህ ልጆች ግን ቁጣውን ወደ ውስጥ መለሱት። ስለ መንግሥትና ስለ ፖሊስ መጮኹን ትተው ስለ ራሳቸው ስብራት፣ ስለ ጠፋ ወዳጅነት፣ ስለ ጸጸት ጮኹ። ዘፋኙ ጋይ ፒቾቶ መድረክ ላይ እስኪወድቅ ድረስ ይጫወት ነበር። ኋላ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ሙዚቃ «ኢሞ» አሉት። ልጆቹ ራሳቸው ስሙን አልወደዱትም፤ ስሙ ግን ተጣብቆባቸው ቀረ። ባንዱ አንድ አልበም ብቻ አውጥቶ፣ ጥቂት መድረክ ላይ ታይቶ፣ ብዙ ሳይቆይ ተበተነ። ይሁንና ከእነሱ በኋላ የተነሡ ብዙ የሮክ ባንዶች መነሻቸውን ከዚያች አንድ አልበም ይቆጥራሉ።

ሁለተኛውን የሠራው አንድ ሰው ነው፤ ኃይሉ መርጊያ። እሱ ደግሞ ለሁለት ከተከፈለ ባንድ የመጣ ነው። የእሱ ባንድ ዋልያስ ነበር።

ከዚህ በኋላ ወሬያችን በአብዛኛው ስለ ኃይሉ ነው። ወደ አሜሪካኖቹ ልጆች ግን አንድ ጊዜ እንመለሳለን፤ እነሱና ኃይሉ ለአንድ ዓይነት ችግር የተለያየ መልስ ሰጥተዋልና።

ዋልያስን ለማታውቁ ወጣቶች ጥቂት ልበል። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ሲጫወት የነበረ ባንድ ነው። ኃይሉ ኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ ማሕሙድ አማን ጊታር፣ መላከ ገብሬ ቤዝ፣ ተማረ ሐረጉ ድራም ይጫወቱ ነበር፤ ፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ግርማ በየነም ነበረበት። ሂልተን ሆቴል ውስጥ ለዓመታት ሠርተዋል። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ሰዓት እላፊ ታውጇል። ምሽቱን ሊዝናና የገባ ሰው ሌሊት ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እስኪነጋ እዚያው ያድራል፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። አንድን ዜማ በአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ፣ በብዙ ዓይነት መንገድ መጫወት የለመዱት እዚያ ይመስለኛል። ሌሊቱን ሙሉ ዘፋኝ ብቻ አይችለውምና መሣሪያው ራሱ እንዲናገር ግድ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. 1977 ላይ «ቼ በለው» የተባለውን አልበም አወጡ። ዘፋኝ የለበትም፤ የመሣሪያ ብቻ ነው። ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄም ተጫውቶበታል። «ሙዚቃዊ ስልት» የሚለው ሥራ እዚያ ውስጥ አለ፤ ግርማ በየነ የደረሰው ሲሆን፣ ዓመታት ቆይቶ የውጭ አገር ባንዶች እየደጋገሙ ተጫውተውታል።

እዚህ ላይ የራሴን ቅሬታ ላስገባ። በእኛ ሬዲዮ ክላሲካል የምንለው የመሣሪያ ሙዚቃ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ለመሸጋገሪያ ነው፤ ከማስታወቂያ ወደ ዜና፣ ከዜና ወደ ሙታን መታሰቢያ። እኔም ይህን ሥራ ከሚሠሩት አንዱ ነኝ። ሰው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ሙዚቃ መሆኑን ያስረሳነው እኛው ነን።

(ሙዚቃ፤ የዋልያስ ድምፅ ለአጭር ጊዜ ከፍ ይልና ይወርዳል።)

እ.ኤ.አ. 1981 ላይ ዋልያስ ከዘፋኙ ማሕሙድ አሕመድ ጋር ለኮንሰርት አሜሪካ ሄደ። ጉዞው ሲያበቃ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ፣ ሞገስ፣ መላከና ግርማ እዚያው ቀሩ። ዮሐንስ ተኮላና ተማረ ሐረጉ አገራቸው ተመልሰው በዋልያስ ስም ሥራቸውን ቀጠሉ። ይህን ሁለተኛውን ወገን ታሪክ የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው። ስደት ለወሬ ይመቻል፤ ተመልሶ ሆቴል ውስጥ በየምሽቱ መጫወት ግን ለወሬ አይመችም። ያም ሆኖ ባንዱን በሕይወት ያቆዩት የተመለሱት ናቸው።

የቀሩት ዝም አላሉም። ኃይሉ፣ ሞገስና መላከ ዙላ የሚባል ባንድ አቋቁመው በስደት ላለው ወገናቸው ይጫወቱ ጀመር። እዚያው መሀል ላይ ነው ኃይሉ ለብቻው አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ገብቶ ዛሬ የምናወራበትን አልበም የቀዳው። በእንግሊዝኛ ስሙ «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» እንደማለት ነው፤ «ሸሞንሟናዬ» የሚለው የመክፈቻው ሥራ ስምም ሽፋኑ ላይ አለ።

አሁን ወደ አሰማሙ እንግባ፤ የትምህርታችን ዋናው ክፍል ይህ ነው።

አንድ ባንድ ስድስት ሰባት ወንበር አለው እንበል። እያንዳንዱ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ለሌሎቹ አንድ ነገር ይሠራላቸዋል። ቤዝ ተጫዋቹ መሬቱን ይይዝላቸዋል፤ ድራም መቺው ሰዓታቸውን ይጠብቃል፤ ሳክስፎኑ ሲዘፍን ኦርጋኑ ያርፋል። ከባንድ ወጥቶ የመጀመሪያ አልበሙን የሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት የሚገጥመው ነገር ባዶ ወንበር ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ አልበም ስትሰሙ «ዘፈኑ ያምራል ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «የሄዱት ሰዎች ቦታ ላይ ማን ተቀመጠ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ይህን ጥያቄ ካገኘሁ ወዲህ ለእንዲህ ያሉ አልበሞች ያለኝ ግምት ተለውጧል።

የኃይሉ መልስ «እኔው ራሴ፣ ከማሽን ጋር» የሚል ነው። አልበሙ ላይ ሌላ ተጫዋች የለም። ድራሙ የምት ማሽን ነው። ከዚያ በላይ አራት መሣሪያ ይሰማል፤ ሮድስ የተባለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ የያማሃው ዲኤክስ ሰባት ኪቦርድ እና አኮርዲዮን። አራቱም የሚነኩት በቁልፍ ነው፤ ድምፃቸው ግን እጅግ ይለያያል። ልዩነቱን ማወቅ ለአሰማማችን ይጠቅመናል፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

ሮድስ ውስጥ ትንንሽ መዶሻዎች አሉ። ቁልፉን ስትነኩት መዶሻው ቀጭን የብረት ዘንግ ይመታል፤ የዘንጉ ንዝረት በማግኔት ተይዞ ወደ ድምፅ ማጉያው ይሄዳል። ድምፁ እንደ ደወል ክብ ነው፤ ሲመታ ጎልቶ ይነሣና እየሳሳ ይጠፋል። ዲኤክስ ሰባት እ.ኤ.አ. 1983 የወጣ ነው። መዶሻም ዘንግም የለውም፤ ድምፁን በስሌት የሚፈጥር ዲጂታል መሣሪያ ነው። ጥርት ያለ፣ ትንሽ የመስታወት ጠባይ ያለው ድምፅ አለው። ያ ድምፅ ለብዙ የ1980ዎቹ ዘፈኖች መታወቂያቸው ሆኗል፤ የአገራችንንም ጨምሮ። ሙግ በዋናው ዓይነቱ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ኮርድ አይችልም። እንደ ዋሽንት ማለት ነው፤ አንድ መስመር ዜማ ይዞ መሄድ ብቻ። ከታች ሲነካ ግን ወፍራም ነው፤ ቤዝ ይሆናል።

አኮርዲዮን ከሁሉም ይለያል፤ የአልበሙ ነፍስም እሱ ነው። አኮርዲዮን በነፋስ ነው የሚሠራው። ተጫዋቹ የመሣሪያውን ሆድ ሲስብና ሲገፋ አየሩ በቀጫጭን የብረት ምላሶች መሀል ያልፋል፤ ምላሶቹ ይርገበገባሉ። ስለዚህ ድምፁ ተመትቶ የሚጠፋ አይደለም፤ ነፋሱ እስካለ ድረስ ይቆያል፤ ጠንክሮ ሲገፋ ይጠነክራል፤ ላላ ሲል ይላላል። የማሲንቆ ደጋን በጭራው ላይ ሲሄድ የሚሆነውን አስቡት። የዘፋኝ እስትንፋስም እንዲሁ ነው። ኃይሉ በልጅነቱ ጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ገብቶ ያደገ ሰው ነው፤ አኮርዲዮን ደግሞ የዚያ ቀደምት የአዲስ አበባ ሙዚቃ ድምፅ ነበር። ኦርጋንና ሲንተሳይዘር ሲመጡ ተረሳ። ዋሽንግተን ውስጥ፣ አዳዲስ ማሽኖች ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ያረጀውን መሣሪያ ያነሣው ዜማውን የሚዘፍንለት ሰው ስላልነበረው ነው ብዬ አስባለሁ። ከአራቱ መሣሪያዎች በሰው ጉሮሮ ቦታ ሊቀመጥ የሚችለው አኮርዲዮኑ ብቻ ነው።

አሁን የቀረጻውን ነገር እንመልከት። አንድ ሰው አራት መሣሪያ በአንድ ጊዜ መጫወት አይችልም። የሚቀዳው በየተራ ነው። በሰፊው የስቱዲዮ ቴፕ ላይ ጎን ለጎን የተከፈሉ መስመሮች አሉ። አንደኛው መስመር ላይ ምቱ ይቀዳል፤ ያንን በጆሮ እያዳመጡ ሁለተኛው ላይ ቤዝ፣ ሦስተኛው ላይ ፒያኖ፣ እንዲህ እየተባለ ይሞላል። በመጨረሻ ሁሉም ተደባልቆ አንድ ላይ ይሰማል።

በዚህ አሠራር ውስጥ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ፤ ለእኔ የአልበሙ ውበትም ከዚያ ነው የሚመጣው። መጨረሻ ላይ የተቀዳው መሣሪያ የቀደሙትን ሁሉ ይሰማል። መጀመሪያ የተቀዳው ግን ከኋላው የሚመጣውን አይሰማም። ሂልተን ውስጥ ኃይሉ ኦርጋኑን ትንሽ ጎትቶ ሲጫወት ድራም መቺው ሰምቶ ይጠብቀው ነበር፤ ኃይሉ ሲቸኩል ቤዙ አብሮት ይሮጥ ነበር። ማሽኑ ይህን አያደርግም። አኮርዲዮኑ ቢለምነውም ማሽኑ ያው በያዘው ፍጥነት ይሄዳል። ስለዚህ መላላቱም መጎተቱም፣ ቀደም ብሎ መግባቱም ሁሉ የአኮርዲዮኑ ሥራ ብቻ ሆነ። የምት ማሽኑ ድርቅ ያለ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ውሸት አይደለም። በተለይ በፈጣኖቹ ሥራዎች ላይ ይታወቃል፤ እኔም አንዳንዱን ወደ ፊት አሳልፌዋለሁ። በዝግታ በሚሄዱት ላይ ግን ያ ድርቀት አኮርዲዮኑን ይበልጥ ሰው ያደርገዋል።

(የ«ሸሞንሟናዬ» ቁራጭ። ሠላሳ ሰከንድ ያህል።)

የሰማችሁትን በጣታችሁ እንሞክረው። ከአንድ እስከ ስድስት ቁጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። አንድና አራት ላይ ጠረጴዛውን ምቱ። ይህ ችክችካ የምንለው ምት መነሻ ነው፤ እስክስታውም የሚሄድበት ነው። አሁን ደግሞ ስድስቱን በተመሳሳይ ፍጥነት እየቆጠራችሁ አንድ፣ ሦስትና አምስት ላይ አጨብጭቡ። መጀመሪያ ስድስቱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ አሁን ለሦስት ተከፈለ። አንድ እጃችሁ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን ቢይዝ ሁለቱ ምቶች አንድ ላይ ይሄዳሉ። ኃይሉ የሚያደርገው እንዲህ ነው፤ ማሽኑ አንደኛውን ይዞ ሲሄድ በቁልፎቹ ሁለተኛውን እየጠቀሰ ይመለሳል። ባንድ ቢኖር ይህን ሁለት ሰው ይካፈለው ነበር።

ቅኝቶቹን በተመለከተ አጭር ማስታወሻ። አራቱን ታውቋቸዋላችሁ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። የሰፊው ትዝታ አምስት ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ናቸው። ኪቦርድ ያለው ሰው ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ቢነካ ትዝታን በቀላሉ ያገኘዋል። የኃይሉ አልበም ውስጥ «አምባሰል» የሚል ሥራ አለ፤ «ሽለላ» የሚልም አለ። ሽለላ በእናንተ አካባቢ በሠርግም በበዓልም በሰው ድምፅ የሚሰማ ነገር ነው። ቃሉን አውጥቶ፣ ጎራዴውንና ጋሻውን አውጥቶ፣ ለአኮርዲዮን ብቻ መስጠት ድፍረት ይጠይቃል። ተሳክቶለታል ወይ? ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ፤ ሽለላን ከእኔ ይልቅ የእናንተ አካባቢ ሰው ያውቀዋል።

አሁን እንደተባባልነው ወደ አሜሪካኖቹ እንመለስ። ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ ሲበተን ጋይ ፒቾቶና ድራም መቺው ብሬንዳን ካንቲ መሀል ላይ ሌላ ሌላ ሙከራ አድርገው፣ በመጨረሻ ፉጋዚ የሚባል ባንድ ውስጥ ተገናኙ። ከእነሱ ጋር የነበሩት ኢያን ማካይ እና ቤዝ ተጫዋቹ ጆ ላሊ ናቸው። ማካይም ማይነር ትሬት ከተባለ ስመ ጥር ባንድ የወጣ ነው። የባዶ ወንበሩ ጥያቄ እዚህ ተገልብጦ መጣ፤ ሰው ጎደለ ሳይሆን ሰው በዛ። ሁለት የቀድሞ ዘፋኞች፣ ሁለት መሪዎች በአንድ ባንድ ምን ይሆናሉ?

ያደረጉት ይህ ነው። ፒቾቶ መጀመሪያ ላይ ጊታሩን አስቀምጦ ድምፁን ብቻ ይዞ ገባ። በቀድሞው ባንዱ ጊታር እየመታ የሚዘፍነው እሱ ነበር፤ እዚህ ግን ጊታሩ ለማካይ ቀረ። በዚያ መልክ ሁለት አጫጭር ሥራዎች አወጡ። ጊታሩን አንሥቶ የተጫወተው እ.ኤ.አ. 1990 በወጣው የመጀመሪያ ሙሉ አልበማቸው በ«ሪፒተር» ላይ ነው። ያንን አልበም ስትሰሙ ሁለቱ ጊታሮች አንዱ በአንዱ ላይ አይወጡም። አንደኛው ሲጠይቅ ሌላው ይመልሳል፤ አንደኛው ቀጭን ሆኖ ከላይ ሲሄድ ሌላው ከታች ይፈተፍታል። መሬቱን የያዘው የላሊ ቤዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዋናውን ዜማ የሚጫወተውም እሱ ነው። ሙዚቃው ለእኛ ጆሮ ጩኸት ሊመስል ይችላል። ለቤዙ ብቻ ጆሯችሁን ሰጥታችሁ ብትሰሙት ግን መንገዱን ታገኙታላችሁ።

ኢሞን ከትዝታ ጋር የሚያመሳስሉ ሰዎች ገጥመውኛል፤ ሁለቱም ስለ ሐዘን ነው ብለው። አልስማማም። ኢሞ የሃያ ዓመት ልጅ ዛሬ ሌሊት ስለተሰበረው ልቡ የሚጮኸው ነው። ትዝታ ላይ ስብራቱ አርጅቷል፤ ዘፋኙም ካለቀሰ ቆይቷል።

በእኛ አገር ሮክ የሚለው ስም ሲነሣ ጃኖ ባንድ ትዝ ይላችኋል፤ እ.ኤ.አ. 2012 «ኤርታሌ» የተሰኘ የመጀመሪያ አልበማቸውን በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል አዘጋጅነት አወጡ። የኤሌክትሪክ ጊታር ከአገር ቅኝት ጋር እንዴት እንደሚሄድ ለመስማት ጥሩ ነው። ከዛሬው ጥያቄያችን ጋር ግን አይገጥምም፤ የሚጀምር ባንድ ነውና ባዶ ወንበር የለውም። የሚገጥመው አይቤክስ የተባለው ባንድ ነው። ማሕሙድ አሕመድን በ«እሬ መላ መላ» ያጀበው አይቤክስ ሲከፈል ቤዝ ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮና ጊታር ተጫዋቹ ሰላም ሥዩም ሮሃ ባንድ ውስጥ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ በ1980ዎቹ ከወጡት ካሴቶች ስንቱን ያጀበ ባንድ ነው። ቤዙና ጊታሩ አብረው ስለሄዱ፣ ስሙ ቢቀየርም የሙዚቃው መሬት አልተቀየረም።

ሌላው የዋልያስ ልጅ ግርማ በየነ ነው። የእሱን ነገር ሳስብ እደነቃለሁ። አሜሪካ ቀርቶ ሙዚቃን እርግፍ አድርጎ ተወ፤ ለዓመታት ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠራ። ኋላ አገሩ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. 2017 ላይ አካሌ ውቤ ከሚባል የፈረንሳዮች ባንድ ጋር አልበም አወጣ፤ «ኢትዮፒክስ» የተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ ሠላሳኛ ቁጥር ሆነ። እዚህ ደግሞ ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ወጣት የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ የእኛን የድሮ ሸክላዎች እየሰሙ የተማሩ። የሚሰማው የጨዋታ ስልት ግርማ ራሱ በወጣትነቱ ያቀናብረው የነበረው ነው። ያስተማራቸው ሳያውቃቸው ነበር ማለት ነው።

(ሙዚቃ፤ አጭር መሸጋገሪያ።)

ወደ ኃይሉ ካሴት እንመለስና ባሕር ዳር እንግባ። ኃይሉ በ1990ዎቹ መጀመሪያ መድረክ ትቶ፣ ኋላ ዋሽንግተን አቅራቢያ ካለው ከደለስ አየር ማረፊያ ሰው የሚያመላልስ የታክሲ ሹፌር ሆነ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው የዕቃ መጫኛ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ አውጥቶ ኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ ነበር። ይህች የታክሲ ወሬ በውጭ ጋዜጦች እጅግ ተደጋግማ ስለተጻፈች ሙዚቃውን ሸፍናዋለች፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ልግታት።

የሚበልጥብኝ የካሴቱ መንገድ ነው። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴቶች ሰብሳቢ ባሕር ዳር መጥቶ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ካሴቶች ሲያገላብጥ ይህን የኃይሉን ሥራ አገኘ። ሰምቶት ማመን አቃተው። የሠሪውን ስልክ ፈልጎ ደወለለት፤ እ.ኤ.አ. 2013 አልበሙ በሸክላና በሲዲ ዳግም ታተመ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ»ን አወጣ። «ላላ በሉ» ላይ ድራም መቺ አለ፤ ቤዝ ተጫዋችም አለ፤ ሁለቱም የሰው ልጆች። የ1985ቱን አልበምና «ላላ በሉ»ን አከታትላችሁ ስሙ፤ በመጀመሪያው ማሽኑ ያልሰማውን አኮርዲዮን በሁለተኛው ሰው ሲሰማው ታገኙታላችሁ።

በዋሽንግተን የተቀዳ ድምፅ ባሕር ዳር መደርደሪያ ላይ ሃያ ምናምን ዓመት ተቀምጦ ጠበቀ። ካሴት እየተቀዳ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየሄደ፣ በአውቶቡስ እየተጫወተ ነው እዚህ የደረሰው። በዚያ ዘመን የሸክላ ኅትመት ቆሟል፤ ሙዚቃ ማለት ካሴት ነበር።

ለዚህ ነው የዛሬውን ዝግጅት በአንድ የቤት ሥራ የምጨርሰው። በአንበሳሜም በባሕር ዳርም በየቤቱ በካርቶን የተቀመጠ ካሴት አለ፤ የሠርግ፣ የአዝማሪ፣ የማይታወቅ ሰው ክራር። ካሴት ውስጥ ያለው ጥቅል ቀጭን የፕላስቲክ ሪባን ነው፤ ድምፁ የተጻፈው በላዩ በተለበጠው ማግኔት በሚስበው ዱቄት ላይ ነው። ስለዚህ ጠላቶቹ ሦስት ናቸው፤ ሙቀት፣ እርጥበትና ማግኔት። ከስፒከር ላይ አታስቀምጡት፤ ስፒከር ውስጥ ማግኔት አለ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ ቆጥ ላይም አትስቀሉት። ሐይቅ ዳር የምትኖሩ ሰዎች እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣባችኋል፤ ሪባኑ ላይ ነጭ ነገር ካያችሁ እንዳታጫውቱት፤ ሻጋታው ወደ ማጫወቻው ራስ፣ ከዚያም ወደ ሌሎች ካሴቶች ይሄዳል።

ለዓመታት ያልተነካ ካሴት ከሆነ ወዲያው አታጫውቱት። መጀመሪያ ጥቅሉን በእርሳስ ወይም በእስክሪብቶ ቀስ አድርጋችሁ ጥቂት አዙሩት፤ ተጣብቆ ከሆነ በዚያ ይታወቃል። ከዚያ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አጠንጥኑት። ሪባኑ ተበጥሶ ከሆነ ካሴቱን አትጣሉ፤ ሊቀጠል ይችላል። ሽፋኑ ላይ የተጻፈ ስም ካለ፣ የተሸጠበት ሙዚቃ ቤት ስም ካለ፣ በስልክ ፎቶ አንሡት። ሲሰማ ደግሞ ድምፁን በስልካችሁ ወይም በኮምፒውተር ቅዱት፤ ከስፒከሩ ፊት ስልክ ከመያዝ ይልቅ በገመድ ማገናኘት የተሻለ ድምፅ ይሰጣል።

በሠርግ ላይ በአንድ ኪቦርድ ባንድ የምትሆኑ ወጣቶች ደግሞ፣ በዚህ ሳምንት ሌላ ሥራ አለላችሁ። የማሽኑን ምት ክፈቱና ሌላውን ሁሉ አጥፉ። በአንድ እጅ ብቻ፣ በአንድ መስመር ዜማ፣ «ሽለላ» ሞክሩ። ማሽኑ አይጠብቃችሁም። የት ላይ ዘግይታችሁ እንደምትገቡ እናንተው ወስኑ።

(«ሽለላ»፤ የኃይሉ መርጊያ አኮርዲዮን። እስከ ሰዓቱ ማብቂያ ይቀጥላል።)